ስንት ሰው ሰማ? ስንት ሰውስ ገባው?

በዚህ እትም ብዙ ጊዜ ተዘሎ ስለሚታለፍ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። መምህራንም ሆንን የጤና አስተማሪዎች ሕዝብ ሰብስበን ስለ ወባ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ኤች.አይ.ቪ/ኤድስ፣ አንዳንዴም ስለ ፀሐይና ጨረቃ እናስተምራለን። ስብሰባው ሲያልቅ ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ “ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት ተገኝቷል” የሚል ነው። ጥሩ ነው። ግን የተገኘ ሁሉ ተማረ ማለት ነው እንዴ? ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሄደ ካልጠየቅነው በምን እናውቃለን?

መስማትና ማወቅ ለየቅል ናቸው

ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በኢትዮጵያ በየጥቂት ዓመቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ይካሄዳል። ጥናቱ ስለ ኤች.አይ.ቪ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው “ስለዚህ በሽታ ሰምተው ያውቃሉ?” የሚል ነው። ሁለተኛው ጠለቅ ይላል፦ መከላከያ መንገዶቹን ያውቃሉ? ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል ያውቃሉ? ትንኝ ታስተላልፋለች፣ አብሮ መብላት ያስተላልፋል የሚሉትን የተሳሳቱ አስተሳሰቦችስ አይቀበሉም?

እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው ጥናት ስለ ኤድስ ሰምተናል ያሉት ከሴቶች 90 ከመቶ፣ ከወንዶች 97 ከመቶ ገደማ ነበሩ። የጠለቁትን ጥያቄዎች ሁሉ በትክክል የመለሱት ግን ከሴቶች 16 ከመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 30 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በ2016 በተደረገው ጥናትም ይኸው ቁጥር ለሴቶች 20፣ ለወንዶች 38 ከመቶ ገደማ ሆኗል። እስቲ አስቡት! በሬድዮ፣ በፖስተር፣ በትምህርት ቤት ክበብ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ሳይቀር ተነግሯል። ወሬው ሁሉም ቤት ገብቷል፤ እውቀቱ ግን ደጃፍ ላይ ቀርቷል። “ሰምተዋል ወይ?” ብቻ ተብሎ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሥራው ተጠናቋል ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ1989 በእንግሊዝና በአሜሪካ ስለተደረገ የሕዝብ መጠይቅ የወጣ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ መሬት በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይን እንደምትዞር በትክክል የመለሱት ከእንግሊዞች 34 ከመቶ፣ ከአሜሪካኖች 46 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤትና ቴሌቪዥን በሞላበት አገር ማለት ነው።

“የቀን ቅኝት” ያስተማረን

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የሬድዮ ድራማ ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው “የቀን ቅኝት” ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች በኢትዮጵያ ሬድዮ ተላልፏል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች.አይ.ቪ በታሪክ እያዋዛ ያስተምር ነበር። ድርጅቱ ባወጣው ግምገማ መሠረት በአማራ ክልል ድራማውን ከሚሰሙ ባለትዳር ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ ተጠቅመው የሚያውቁት በ55 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ጨምረዋል። ከማይሰሙት ዘንድ የጨመረው ደግሞ 24 ነጥብ ያህል ነው።

ልብ በሉ! “55 ጨመረ” ብሎ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን ድራማውን ያልሰሙትም በ24 ጨምረዋል። ለምን? በዚያው ዘመን ሌላም ሥራ ይሠራ ስለነበረ ነው፤ ለምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ2003 ነው። ስለዚህ ለድራማው ልንሰጥ የምንችለው ቢበዛ ልዩነቱን፣ 31 ነጥቡን ነው። እሱም ቢሆን ጥያቄ አያጣም። ሬድዮ ያላትና ባሏ አብሯት የሚያዳምጥ ሴት፣ ሬድዮ ከሌላት ሴት ጋር ድሮም እኩል አልነበረችም። አንዱን ሰው ድራማው ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶት ይሆናል፤ ሌላው ግን መሄድ ያሰበ ስለሆነ ነው ድራማውን የወደደው። ይህን መጠየቅ ሥራውን ማጣጣል አይደለም። ምኑ እንደሠራ ካላወቅን ምኑን እንደምንደግም አናውቅማ!

እዚህ ጎዶማ እንዴት እንለካ?

እኛ ጥናት የሚያካሂድ መሥሪያ ቤት የለንም። ወረቀትም ቢሆን ያጥረናል። ሆኖም የሚከተሉትን ማድረግ አያቅተንም።

1ኛ. ከትምህርቱ በፊትም በኋላም ያንኑ ጥያቄ እንጠይቅ። መነሻው ካልታወቀ መድረሻው ትርጉም የለውም። ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ይበቃል።

2ኛ. “ገባችሁ?” አንበል። ባህላችን መምህርን ማክበር ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ፣ ገብቶናል” ነው። ይልቅ “ይህን ለጎረቤትህ እንዴት ታስረዳዋለህ?” እንበል። በእጅ የሚሠራ ነገር ከሆነም እናሠራ። የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት ሰጥተን፣ ላዩ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ሲበጠብጡ ማየት ከመቶ “አዎ” ይበልጣል።

3ኛ. ፍርሃትን እናስወግድ። ስደተኛ ባለበት ቦታ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሲመጣ ሕዝቡ የሚያስበው ምዝገባ ነው፣ ራሽን ነው። “እንዲህ ካልኩ ይቀንሱብኝ ይሆን?” ብሎ የሚጨነቅ ሰው የሚያውቀውን ሳይሆን ይጠቅመኛል ያለውን ይመልሳል። ስለዚህ ስም አይጻፍ። ጥያቄው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሰው ሁሉ በተሸፈነ ጣሳ ውስጥ “እውነት” ለማለት ባቄላ፣ “ሐሰት” ለማለት በቆሎ፣ “አላውቅም” ለማለት ጠጠር ይጣል። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም እኩል ይሳተፋሉ። እርዳታ ከመልሱ ጋር እንደማይያያዝም አስቀድሞ ይነገር።

4ኛ. በሚገባቸው ቋንቋ እንጠይቅ። ሞያሌ አማርኛ፣ ቦረንኛ፣ ቡርጂኛ፣ ሶማልኛና ስዋሂሊ የሚሰማባት ከተማ ናት። በአማርኛ ጠይቀን “አላወቁም” ብንል የለካነው ሳይንሱን ሳይሆን አማርኛውን ነው።

5ኛ. ከአንድ ወር በኋላ እንመለስ። የዛሬ መልስ የዛሬ ትውስታ ነው። ደግሞም የሴቱንና የወንዱን ለየብቻ እንቁጠር። ከላይ ያየነው የ16 እና የ30 ልዩነት ሳይለዩ ቢቆጥሩት ተደብቆ ይቀር ነበር።

በቁጥር እንየው

እንበልና 40 ጎልማሶች “ትንኝ ኤች.አይ.ቪ ታስተላልፋለች” ለሚለው ጥያቄ መለሱ። ከትምህርቱ በፊት 14ቱ “ሐሰት” አሉ፤ ወዲያው ከትምህርቱ በኋላ 30፣ ከወር በኋላ 22። ገና ትምህርቱ ያልደረሳቸው ሌሎች 40 ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ 14፣ ከወር በኋላ 17 ሆኑ። የመጀመሪያው ቡድን ለውጥ 8 ነው፤ የሌላው 3። ስለዚህ በትምህርታችን መጣ የምንለው ለውጥ ወደ 5 ሰው ነው እንጂ 16 አይደለም። 40 ሰው ትንሽ ስለሆነ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል፤ በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ ደግመን ማየት አለብን። በእርግጥ በድንበር ከተማ ያልሰማ ቡድን ማግኘት ይከብዳል። የሬድዮ ድምፅ ኬላ ላይ አይቆምም፣ ወሬም እንደዚሁ። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

አንዳንድ ባልደረቦች “5 ሰው ብለን ሪፖርት ብናደርግ ድጋፉ አይቋረጥብንም ወይ?” ይላሉ። ስጋቱ ይገባናል። ነገር ግን በ200 ተሰብሳቢ የሚያምር ሪፖርት ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ጤና ጣቢያ አያደርስም። ከወር በኋላ የወደቀው ቁጥር የሚነግረን ትምህርቱ ይደገም፣ በሌላ ቋንቋ ይሰጥ፣ ወይም በቃል ሳይሆን በማሳየት ይሁን ማለት ነው። እርዳታ ሰጪም ቢሆን ይህን ጠይቆ ማየት ይችላል።

ስለሆነም በቀጣዩ ወር ሕዝባዊ ትምህርት የምትሰጡ መምህራን ሁሉ አራት ጥያቄና ሁለት ጣሳ ይዛችሁ እንድትወጡ እንጠይቃለን። ያገኛችሁትን ቁጥር፣ ከፍ ያለም ይሁን ዝቅ ያለ፣ ለዝግጅት ክፍሉ አድርሱን። በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አስቀምጠን አብረን እናየዋለን።