ከፉሪ ተራራ እስከ ቁጥሩ፦ ለአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያ የተረጋጋ ማጉያ ስለ መንደፍ



ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የፉሪ ተራራ በዓለም አቀፉ የሴይስሞግራፍ መረብ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ጣቢያ አለው። በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ሴይስሞሜትሩ የምድርን እንቅስቃሴ ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል፤ ቮልቴጁም በአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያ ቁጥር ሆኖ ለተመራማሪዎች ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተሉት የመሬት መንቀጥቀጦች እስከ አዲስ አበባ በተሰሙ ጊዜ፣ ሕዝቡ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ የተፈለገው ከእንዲህ ያሉ ቁጥሮች ነበር። የዛሬው ንግግሬ የአንድን ጣቢያ መሣሪያ የሚመለከት አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ሰንሰለት ሁሉ ከመቀየሪያው በፊት ስለሚቆመው ማጉያ ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። የግቤቱ ስፋት 40 ቮልት የሆነ ባለ 24 ቢት መቀየሪያ አንዱ እርከኑ 2.4 ማይክሮቮልት ያህል ብቻ ነው። ማጉያው ይህን ያህል ታማኝ መሆን ይጠበቅበታል።

ችግሩ መቀየሪያው ዝም ብሎ የሚቀበል ጭነት አለመሆኑ ነው። ናሙና በወሰደ ቁጥር በውስጡ ያለው ትንሽ ካፓሲተር በድንገት ከግቤቱ ጋር ይገናኝና ቻርጅ ይስባል። ይህን ድንገተኛ ፍላጎት ለመሸፈን ከመቀየሪያው ፊት ከፍ ያለ ካፓሲተር እናስቀምጣለን፤ የቧንቧ ውኃ ሲቆራረጥ በየግቢያችን ያለው ሮቶ እንደሚያገለግለን ማለት ነው። የናሙናው ካፓሲተር 30 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ 1 ናኖፋራድ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ክምችት ይሰጠናል።

ነገር ግን ይኸው ክምችት ማጉያውን ሊያናውጠው ይችላል። የማጉያው የጌይንና ባንድዊድዝ ብዜት 10 ሜጋሄርዝ፣ የውጤት ሬዚስታንሱ 100 ኦም፣ የፊድባኩ ጌይን 1 ነው እንበል። 1 ናኖፋራድ በቀጥታ ብናገናኝበት በ1.6 ሜጋሄርዝ ላይ አዲስ ፖል ይፈጠራል። ፊድባኩ ይዘገያል፤ ቀድሞ 90 ዲግሪ የነበረው የፌዝ ማርጅን ወደ 23 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ማጉያ ለእያንዳንዱ የቻርጅ ምት ተወዛውዞ ይመልሳል፤ የሽቦ ርዝመት ወይም የሙቀት ለውጥ ሲጨመርበት ደግሞ ራሱን ችሎ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል።

መፍትሔው በማጉያውና በካፓሲተሩ መካከል፣ ከፊድባኩ ቀለበት ውጭ፣ አንድ ሬዚስተር ማስገባት ነው። በምሳሌያችን 50 ኦም ብናስገባ በ3.2 ሜጋሄርዝ ላይ ዜሮ ይፈጠራል፤ የፌዝ ማርጅኑም ወደ 67 ዲግሪ ያህል ይመለሳል።

ታዲያ ሬዚስተሩን ለምን የበለጠ አናሳድገውም? ካፓሲተሩ ናሙናው ከመያዙ በፊት መርጋት ስላለበት ነው። ባለ 16 ቢት መቀየሪያ ከሙሉ ስፋት ለውጥ በኋላ በግማሽ እርከን ውስጥ ለመርጋት 11.8 የጊዜ ቋሚዎች ይፈልጋል። 50 ኦምና 1 ናኖፋራድ የ50 ናኖሰከንድ ቋሚ ስለሚሰጡ ወደ 590 ናኖሰከንድ ያስፈልገናል። የመቀየሪያው የናሙና መያዣ ጊዜ ከዚህ ካነሰ ሬዚስተሩን መቀነስ ወይም ፈጣን ማጉያ መምረጥ ግድ ይሆናል። እንግዲህ ንድፍ ማለት በእነዚህ ሁለት ድንበሮች መካከል ስፍራ ማግኘት ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ከጥቂት አሥርተ ሄርዝ አያልፍም፤ በሜጋሄርዝ የሚወዛወዘውን ፊልተር አያስወግደውም ወይ?» ይል ይሆናል። በሁለት ምክንያት አያስወግደውም። አንደኛ፣ ናሙና ሲወሰድ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ታጥፎ ወደ ታችኛው ባንድ ሊገባ ይችላል፤ ከገባ በኋላ ከእውነተኛው ሲግናል የሚለየው ዲጂታል ፊልተር የለም። ሁለተኛ፣ ማጉያው ፍጹም ሊኒያር ስላልሆነ ውዝዋዜውን በከፊል ወደ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለውጠዋል፤ መነሻ መስመሩም ይንሸራተታል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ብልሽቱ በብልሽት መልክ አይመጣም፤ የምድር ጫጫታ ወይም የመሬት መዘንበል መስሎ ይመጣል። ጫጫታው ከፍ ባለ መጠን ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች ይሰጥማሉ፤ ማግማ ከምድር በታች ወዴት እንደሚያመራ ከሚጠቁሙት መካከል ግን እነርሱ ዋነኞቹ ናቸው።

ስለዚህ ማጉያን ብቻውን ፈትናችሁ «የተረጋጋ ነው» አትበሉ። መቀየሪያው ተገናኝቶ ናሙና እየወሰደ ሳለ ትንሽ የካሬ ሞገድ ስጡትና የውጤቱን መወዛወዝ በኦስሎስኮፕ ተመልከቱ። ቀጥሎ ግቤቱን ከግራውንድ ጋር አገናኝታችሁ የቁጥሮቹን ሥርጭት ሳሉ፤ በአምራቹ ሰነድ ከተገለጸው ሰፍቶ ወይም መካከሉ ተንሸራቶ ካገኛችሁት ምክንያቱን ሳታውቁ መሣሪያውን ወደ መስክ አትላኩ። ቁጥሩን የሚቀበለው ተመራማሪ ማጉያውን አያየውም፤ የሚያምነው እናንተን ነው።