ወደ ዲስኒ ስንቅ ይዞ መሄድ ነውር ነውን?

አንድ ወዳጃችን ባለፈው ዓመት ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ከሜሪላንድ ወደ ፍሎሪዳ ወርዶ፣ በኦርላንዶ ከሚገኙት ትላልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ወደ አንዱ ሄዶ ነበር። የመግቢያውን ትኬትና የሆቴሉን ኪራይ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ እያጠራቀመ ከፍሏል። ያልቆጠረው ነገር ቢኖር ሆድን ነው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሊገዛ ተሰልፎ ካርዱን ሲያወጣ፣ የሰባት ዓመት ልጁ እጁን ጎተት አድርጋ «አባዬ፣ እኔ አልራበኝም» አለችው። ጠዋት ከሆቴል ከወጡ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ለካስ ማታ እናትና አባት ተኝታለች ብለው ስለ ገንዘብ ሲነታረኩ ሰምታ ኖሯል። «ከዚያ ሁሉ ጉዞ በልቤ የቀረው ይህ ነው» ይላል ወዳጃችን እስከ ዛሬ።

ውድ አንባቢያን! ሰመር በመጣ ቁጥር ከዋሽንግተን አካባቢ በሀይዌይ 95 ወደ ደቡብ የሚወርደው ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ኦርላንዶ ለመድረስ ወደ 850 ማይል መንዳት ያስፈልጋል። እዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው «የክፍሌ ልጆች ሁሉ ሄደዋል» የሚለውን አቤቱታ ሳይሰማ አይቀርምና፣ አንድ ቀን መሄዱ የማይቀር ነው። ዋልት ዲስኒ ዎርልድ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲከፈት አንድ ፓርክ ብቻ ነበረው። ዛሬ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም የሚባሉ አራት ፓርኮች አሉት። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀን ቢሰጥ አራት ቀን ነው። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ደግሞ የአራት ቀን ምሳና እራት አርባ ሳህን ይሆናል። አርባ ሳህን ሳይታሰብበት የሚገዛ ነገር አይደለም።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ይዘን እናስላ። እናትና አባት፣ የ12፣ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉ እንበል። በዲስኒ ዕድሜው 10 የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ስለሚቆጠር፣ ሦስት አዋቂና ሁለት ልጅ ይሆናሉ። ተሰልፎ በሚገዛበት ተራ ምግብ ቤት ለአዋቂ ምግብና መጠጥ በግምት 18 ዶላር፣ ለልጅ 9 ዶላር ብንይዝ፣ አንድ ምሳ 72 ዶላር ይመጣል። የኦሬንጅ ካውንቲው 6.5 ከመቶ ታክስ ሲጨመርበት ወደ 77 ዶላር ይጠጋል። ምሳና እራት 154 ዶላር ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት የታሸገ ውሃ በ4 ዶላር፣ አንድ አይስክሬም በ7 ዶላር ብናስብ፣ ከነታክሱ 80 ዶላር ይጨምራል። ድምሩ በቀን 234፣ በአራት ቀን 936 ዶላር ነው። ቁርስና የመንገዱ ምግብ ገና አልተቆጠረም። ዋጋው ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሣትዎ በፊት የምግብ ቤቶቹን ዝርዝር ከዲስኒ ገጽ ላይ አይተው በዚሁ መንገድ የራስዎን ቁጥር ያስገቡ።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ አያቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ስንቅ። ብዙዎቻችን ምግብ ይዞ መግባት የተከለከለ ይመስለናል። በዲስኒ ዎርልድ ግን ቤተሰብ ለራሱ የሚበላውን ይዞ መግባት ይፈቀዳል። የማይፈቀዱት አልኮል መጠጥ፣ የብርጭቆ ዕቃና ልቅ በረዶ ናቸው። ስለዚህ ምግቡን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጎ፣ በበረዶ ፈንታ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ የጠነከረውን የማቀዝቀዣ ከረጢት መያዝ ነው። የምግብ ማቀዝቀዣው ሣጥን ከ24 ኢንች ርዝመት፣ ከ15 ኢንች ስፋትና ከ18 ኢንች ከፍታ መብለጥ የለበትም። የሌሎች ፓርኮች ደንብ ከዚህ ሊጠብቅ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ምን ይያዝ ለሚለው፣ የፍሎሪዳ የሰመር ሙቀት ቀልድ አያውቅምና ወጥ በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ በሽታ መሸመት ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ አምባሻና በሶ ግን ሙቀት አይበግራቸውም። በሶ በቀዝቃዛ ውሃና በስኳር ተበጥብጦ ሲጠጣ ወረፋ ላይ የቆመን ልጅ ያበረታል። ሆቴል ሲመርጡ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ ያለበትን ክፍል ይጠይቁ። ቁርስን ክፍል ውስጥ መብላት ብቻውን የቀኑን ወጪ ቀለል ያደርገዋል። ምሳ ደግሞ ረፋዱ ላይ፣ በአምስት ሰዓት ገደማ ቢበላ ጥሩ ነው። ከቀትር በኋላ በሰመር ነጎድጓዳማ ዝናብ ይበዛል፤ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ወደ ምግብ ቤት ያስገባዋል፤ ያን ጊዜ ያልታሰበ ወጪ ይመጣል።

ውሃን በተመለከተ መግዛት አያስፈልግም። በፓርኮቹ ውስጥ ለስላሳ መጠጥ በማሽን የሚቀዳባቸው ተራ ምግብ ቤቶች፣ ለጠየቀ ሁሉ በረዶ ያለበት ውሃ በነጻ ይሰጣሉ። መጠየቅን እንደ ልመና የምንቆጥር ስላለን ነው ይህን የምናነሣው።

አሁን ስሌቱን እንመልሰው። ቁርስ በሆቴል፣ ምሳ ከስንቅ፣ ውሃ በነጻ፣ እራት በ77 ዶላር፣ አይስክሬም ለሁሉም ከነታክሱ በ37 ዶላር፣ የሱፐርማርኬቱ አስቤዛ በቀን 30 ዶላር ቢታሰብ፣ በቀን 144፣ በአራት ቀን 576 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 360 ዶላር ነው። ለአገር ቤት ወላጆች በየወሩ የሚልክ ሰው 360 ዶላር ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም።

የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 1፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 7 ስለሚገባ፣ ከልጆቻችን ዕረፍት ጋር ይገጥማል። ፍልሰታን ደግሞ ልጆችም ይጾሙታል። በዲስኒ የምግብ ዝርዝር ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልም ሆነ ማር የሌለበት ስለሆነ ለጿሚ ይመቻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስንቁን ከቦርሳው አይለይ፤ ተርቦ የተሰለፈ ዐይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይገዛል። ሐላል ለሚመገቡ አንባቢዎቻችንም ከቤት የተሰናዳ ምሳ ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት አንድ ቀን መቀመጥ የፈለገ ቤተሰብ ቢቀመጥ ክፋት የለውም። ነገር ግን ቲፑን ከመነሻው ይቁጠር፤ ከቲፑ ጋር የሚመጣው ሒሳብ በዝርዝሩ ላይ ከታየው በብዙ ይርቃል። ከሁሉ የሚከፋው በክሬዲት ካርድ ተበልቶ እስከ ገና የሚከፈለው ምግብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

የመጨረሻውና ዋናው ነገር ከልጆች ጋር መነጋገር ነው። ልጅ «ገንዘብ የለንም» ሲባል ይፈራል፤ «ለዛሬ ያለን ይህ ነው፤ አንተ ምረጥ» ሲባል ግን ያስባል። ለእያንዳንዱ ልጅ የቀኑን የጣፋጭ ገንዘብ በኤንቨሎፕ አድርጎ መስጠት ጭቅጭቁን ይቀንሳል። የተረፈው የራሱ ከሆነማ ቆጣቢው እሱ ራሱ ይሆናል። እናትና አባትም ስለ ወጪው የሚከራከሩት ከቤት ሳይወጡ፣ በኩሽና ጠረጴዛ ዙሪያ ይሁን።

ወዳጃችን ዘንድሮ እንደገና ለመሄድ ተሰናድቷል። ባለቤቱ ዳቦ ቆሎውን ጠብሳለች፣ በሶውም ተፈጭቷል። ትንሿ ልጅ ደግሞ በአራት ኤንቨሎፖች ላይ ስሟን ጽፋ፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚገባባቸው በየቀኑ ትጠይቃለች። ለእነርሱም ለእናንተም መልካም ጉዞ እንመኛለን።