ቅጠሉ ውብ፣ ቀለሙ መርዝ

በብዙ ቤቶች የጭቃው ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጠፋል። ቤቱን ያደምቃል። አቧራውን ይከለክላል። የምርጉን ስንጥቅ ይሸፍናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ደግሞ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያነበዋል። በአውሮፓ አገሮችም ሰዎች ግድግዳቸውን ወረቀት ያለብሱታል። የእነሱ ወረቀት ግን ጽሑፍ የለበትም። የታተመበት አበባ፣ ቅጠል፣ ሐረግና ወፍ ነው። የግድግዳ ወረቀት ይባላል። ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለዚሁ ወረቀት ነው። ውበቱን እንነግራችኋለን፤ ይዞት የመጣውን ሞትም አንደብቃችሁም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1700ዎቹ ዓመታት የአውሮፓ ሀብታሞች ከቻይና በመርከብ የሚመጣ ወረቀት ይገዙ ነበር። ካንቶን በተባለችው የወደብ ከተማ ሠዓሊዎች በእጃቸው ይሥሉታል። ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ ዛፍ ይሥላሉ። ቀርከሃ ይሥላሉ። በቅርንጫፉ ላይ ወፍ፣ በአበባው ላይ ቢራቢሮ ያስቀምጣሉ። ክፍሉን ዞሮ ላየው ሰው አንዱ ወፍ ከሌላው አይመሳሰልም። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ የአውሮፓ አታሚዎች የቻይናውን እያዩ በርካሽ አስመስለው ያትሙ ጀመር። የእንግሊዝ መንግሥትም ዝም ብሎ አላየም። ከ1712 እስከ 1836 ድረስ በግድግዳ ወረቀት ላይ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር።

ለመሆኑ እንዴት ይታተማል? የማኅበር ማኅተም አይታችኋል አይደል? ሥራው እንደዚያ ነው። ባለሙያው ጠንካራ እንጨት ወስዶ የቅጠሉን ቅርጽ ይቀርጽበታል። ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ይጫነዋል። አንድ ማኅተም የሚያትመው አንድ ቀለም ብቻ ነው። አረንጓዴው ለብቻው፣ ቀዩ ለብቻው፣ ቢጫውም ለብቻው ማኅተም አለው። አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላው አይታተምም። ስለዚህ ወረቀቱ እንደ ታጠበ ልብስ ተሰቅሎ ይቆያል። በማኅተሙ ጥግ ላይ ትንንሽ የብረት ችንካሮች አሉ። በወረቀቱ ላይ ነጥብ ይተዋሉ። ቀጣዩ ማኅተም ልክ በዚያ ነጥብ ላይ ማረፍ አለበት። ትንሽ ከተዛነፈ ቀዩ ከአበባው ወጥቶ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የስንት ቀን ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ማኅተሙ ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ሰፊ ነው። ያው ቅጠል መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ጥለት የሚሠራ ሸማኔ ይህን ነገር ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ካልገጠመ ሥራው የተቀጣጠለ ቁራጭ ይመስላል። ለዚህ ችግር ሐረግ ትልቅ ዘዴ ነው። ሐረግ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ዓይን ይከተለዋል። የት እንደ ተጀመረ፣ የት እንዳለቀ አይታወቅም።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ ነው። የተወለደው በ1834፣ የሞተው በ1896 ነው። በ1861 ከጓደኞቹ ጋር የቤት ዕቃና ጌጣጌጥ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በ1862 የመጀመሪያውን የግድግዳ ወረቀት ነደፈ። በቤቱ አትክልት ቦታ በእንጨት ርብራብ ላይ የሚወጣ ጽጌረዳ ነበረ። እሱን ነው የነደፈው። ወፎቹን የሣለለት ግን ጓደኛው ፊሊፕ ዌብ ነው። ዌብ የሕንፃ ባለሙያ ነው፤ የሞሪስን ቤት የነደፈውም እሱ ነው። ወረቀቱ ገበያ የወጣው በ1864 ነው።

ሞሪስ በ1887 የአኻያ ቅጠል ነደፈ። አኻያ ከወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም የሆነው ዛፍ ነው፤ በአገራችንም አለ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የገረመን ግን የ1875ቱ ሥራው ነው። አካንተስ በሚባል ተክል ቅጠል የተሞላ ነው። ይህ ቅጠል ታሪክ አለው። ጥንት የግሪክና የሮም ጠራቢዎች በድንጋይ ዓምዶቻቸው ራስ ላይ ይቀርጹት ነበር። ተክሉ ለእኛ ባዳ አይደለም። በደጋው መንገድ ዳር የምናየው፣ ቅጠሉ እሾሃም፣ አበባው ቀይ የሆነው ኮሸሽላ የዚያው የአካንተስ ወገን ነው። እኛ ከብት እንዳይገባ ለአጥር እንፈልገዋለን። ሞሪስ ሳሎን ውስጥ አስገባው! ይህን አንድ ንድፍ ለማተም 30 የእንጨት ማኅተሞች ያስፈልጉ ነበር።

ዋጋው ውድ መሆኑን ከዚህ ትገምታላችሁ። ሞሪስ በ1883 ሶሻሊስት ሆኖ፣ ጥበብ ለሁሉም ሰው ይድረስ እያለ ይጽፍና ይናገር ነበር። ወረቀቱን የሚገዛው ግን ሀብታሙ ነው። ለሠራተኛው ቤት የደረሰው ሌላ ወረቀት ነው። በ1840 አካባቢ በእንፋሎት የሚሠራ ማተሚያ መኪና እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ወረቀት ረከሰ። ድሃውም ባለ አበባ ግድግዳ አገኘ።

ከአበባው ጋር ግን መርዝ ገባ። እንዴት?

ቅጠል አረንጓዴ ቀለም ይፈልጋል። ቀድሞ ደማቅና የማይጠፋ አረንጓዴ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በ1775 ካርል ሼሌ የተባለ የስዊድን ኬሚስት መዳብንና አርሰኒክን አዋሕዶ ደማቅ አረንጓዴ ሠራ። አርሰኒክ ማለት ለአይጥ መግደያ ሲያገለግል የኖረ ብርቱ መርዝ ነው። ቀለሙ ርካሽ ነበር። ያምራልም። ለወረቀት፣ ለቀሚስ፣ ለሰው ሠራሽ አበባ፣ ለልጆች መጫወቻ ሳይቀር ዋለ።

ቀለሙ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ብናኙ አልጋ ላይ፣ ምግብ ላይ ያርፋል። ልጅ ግድግዳውን ነክቶ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል። በ1861 ለንደን ውስጥ በዚህ አረንጓዴ ዱቄት ሰው ሠራሽ አበባ ትሠራ የነበረች የ19 ዓመት ልጅ ተመርዛ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት ሊምሃውስ በሚባለው የለንደን ሰፈር የአንድ ቤት አራት ልጆች ተከታትለው ሞቱ። መጀመሪያ የጉሮሮ በሽታ ነው ተባለ። የልጆቹ መኝታ ክፍል ግን አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈበት ነበር። ሐኪሙም ጥርጣሬውን በይፋ ተናገረ።

በ1890ዎቹ ባርቶሎሜዮ ጎሲዮ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ሌላ ነገር አገኘ። ግድግዳው ሲረጥብ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታው የቀለሙን አርሰኒክ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ጋዙ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ይህ ጋዝ ብቻውን ሰው ይገድላል ወይ? በዚህ ላይ ዛሬም ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ብናኙ ጎጂ ስለ መሆኑ ግን ክርክር የለም።

ታዲያ ሞሪስ ምን አለ? የቤተሰቡ ሀብት የመጣው ዴቨን ግሬት ኮንሶልስ ከተባለ የመዳብ ማዕድን ነው። ማዕድኑ ኋላ ላይ አርሰኒክን በብዛት ያመርት ጀመር። ሠራተኞቹ ከመርዙ ለመዳን አፍንጫቸውን በጥጥ ይወትፉ፣ ገላቸውን በሸክላ አፈር ይቀቡ ነበር። ሞሪስ ከ1871 እስከ 1875 የዚህ ኩባንያ ዲሬክተር ነበር። በ1885 ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ፣ የግድግዳ ወረቀት ይመርዛል የሚሉትን ሐኪሞች በወሬ የተነዱ አድርጎ አቃለላቸው። እጁ ያማረ ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ አንክድም። የሐኪሞቹን ቃል ማቃለሉን ግን አንወድለትም።

በ2003 በስኮትላንድ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንዲ ሜሃርግ የዚያን የመጀመሪያ የጽጌረዳ ወረቀት ቁራጭ መረመረ። ቁራጩ ከ1864 እስከ 1875 ባለው ጊዜ የታተመ ነው። በአረንጓዴው ቀለም ውስጥ መዳብና አርሰኒክ አገኘበት።

እንግሊዝ አገር የአርሰኒክ ወረቀትን የሚከለክል ሕግ አልወጣም። ቀለሙን ከገበያ ያስወጡት ገዢዎቹ ናቸው። የሐኪሞቹን ጽሑፍ በጋዜጣ አነበቡ። ከዚያም ሱቅ ሲሄዱ ይጠይቁ ጀመር፤ መርዝ አለበት ከተባለ አይገዙም። አታሚዎቹም ወረቀታችን አርሰኒክ የለበትም የሚል ማስታወቂያ ያወጡ ጀመር።

የሞሪስ ንድፎች ዛሬም እየታተሙ ይሸጣሉ። መርዙ ግን በአሮጌ ዕቃ ላይ አለ። በ2024 የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አራት መጻሕፍትን ከአንባቢ እጅ አራቀ። በ1800ዎቹ የታተሙ ናቸው፤ ሽፋናቸው አረንጓዴ ነው።