ተጨማሪ መረጃ፦ የጎንዮሽ ጉዳትን ችሎ ዝም ማለት
ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ሄፓታይተስ ሲን ያድናሉ፤ ራስ ምታትና ድካም ግን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ብዙ ታካሚ «ብናገር መድኃኒቱን ያስቆሙኛል» ብሎ ዝም ይላል። ስጋቱ ከንቱ ባይሆንም የዝምታው መዘዝ ይብሳል፦ ደም ማነስ ሊያስከትል የሚችለው ሪባቫይሪን የተባለ መድኃኒት የተጨመረለት ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ካልተናገረ የደም ማነሱ ሳይታወቅ ሊባባስ ይችላል፤ ከተናገረ ሄሞግሎቢኑ ተለክቶ የሪባቫይሪኑ መጠን ብቻ ሊቀነስና ሕክምናው ሊቀጥል ይችላል። «ሐኪሙ ራሱ ያውቀው የለ?» የሚልም አይጠፋም። ድካምን ግን የትኛውም ላቦራቶሪ አይለካውም። ለልብ ምት መዛባት የሚታዘዘው አሚዮዳሮንም ከሶፎስቡቪር ጋር ሲወሰድ የልብ ምትን እጅግ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ የሚወስዱትን ሁሉ፣ «ለወፍ በሽታ» የተባለውን የባህል መድኃኒት ጭምር፣ ይንገሩ። ክኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ የሚሰማዎትን ከነቀኑ ጽፈው ለሐኪም ያሳዩ፤ ራስዎን ከሳቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።