መደቡን ለክረምት፣ ዘሩን ለበልግ

ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጓሮ የያዘ ሰው ትልቁ ጣጣው ውሃ መሄጃ ማጣቱ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ይህ ስፍራ ስሙ እንደሚለው ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ የወረደ ዝናብ ደግሞ ቆሞ ይቀራል። ዋልካ የሚባለው ጥቁርና ውሃ ያዥ አፈር ባለው ጓሮ ሐምሌ ላይ ጎመኑ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ አየር አጥቶ ነው። ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ የዋልካ መሬቱን በእጁ እየዛቀ፣ ሰፋፊ መደብና ቦይ እያወጣ ስንዴ ይዘራል። ለጓሮም የሚሆነው ያው ነው።

ችግሩ የእኛ በልግ የማይታመን መሆኑ ነው። የካቲት ላይ ያካፋል፣ መጋቢት ላይ ሳምንታት ይጠፋል። ከመጠን በላይ ከፍ ያለ መደብ ያኔ ቶሎ ይደርቅና ችግኙን ያጠወልጋል። ስለዚህ እኔ የምመክረው በሁለት ጊዜ መሥራት ነው፤ ለበልግ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ማንሳት፣ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ከመተላለፊያው አፈር እየዛቁ 30 ማድረስ። መተላለፊያው ያን ጊዜ ቦይ ይሆናል። ለዚህም ከመጀመሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይተዉለት። የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይበቃዋል፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ድረስ ከደረሰ ሲያርሙም ሲኮተኩቱም መደቡን መርገጥ አይኖርም። የተረገጠ ዋልካ እንደ ጡብ ነው።

መቼ ይቆፈራል? የመጀመሪያው ዝናብ ካራሰው በኋላ ስንዝር ያህል ይቆፍሩና አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው ይልቀቁት። ኳስ ሆኖ እጅ ላይ ከተጣበቀ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሡ። በአውራ ጣት ነካ ሲደረግ የሚፈረፈር ከሆነ ዶማውን ያንሱ። በጭቃነቱ የተቆፈረ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ጓል ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ያስቸግራል።

ፍግ ይጨምሩበት፤ የበሰበሰ ግን ይሁን። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ወሎ ደጋ ላይ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ማገዶ የሌለውን ቤት መውቀስም አይገባም። ያም ሆኖ የወጥ ቤት ልጣጩ፣ የታረመው አረም ዘር ሳይዝ፣ የበጎቹ በጠጥ ተጠራቅሞ ቢቀበር ከጥቂት ወራት በኋላ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። ባሕር ዛፍ አጠገብ መደብ አያውጡ፤ ጥላው ሳያንስ ሥሩ ውሃውን ይጠጣዋል።

ኮምቦልቻ ወርደው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ሲያዩ ያስጎመጃል። ቦሩ ሜዳ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱን የሚወዱት ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሰላጣ ይሻሉታል። የጥቅል ጎመን ችግኝ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ካሮት ተነቅሎ መተከልን አይወድም፤ እዚያው መደቡ ላይ በመስመር ተዘርቶ ሲበቅል ይሳሳል። በብርድ አገር ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅበት ስለሚችል ዘሩ ሞቷል ብለው አይገልብጡት። ላዩን በስሱ ሣር ያልብሱት፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩን ያንሱለት።

ሰኔ ላይ ቦዩን ሲጠርጉ መውጫውንም ያስቡ። ውሃው ከእርስዎ ጓሮ ወጥቶ የጎረቤትን ማሳ የሚያጥለቀልቅ ከሆነ ቀድሞ ሄዶ መነጋገር፣ ከተቻለም አንዱን ቦይ አብሮ መቆፈር ይሻላል።