ዩሪ-ኪንሳይ

ዩሪ-ኪንሳይ በጃፓን የፖርሴሊን ዕቃ በወርቅ የሚጌጥበት ዘዴ ነው። ስሙ በጃፓንኛ «ከልባስ ሥር ያለ የወርቅ ጌጥ» እንደማለት ነው። በተለመደው አሠራር ወርቁ ከብርጭቆማው ልባስ በላይ ስለሚሆን በአጠቃቀም ብዛት ይለቃል። በዩሪ-ኪንሳይ ግን የሳሳ የወርቅ ቅጠል በሥዕሉ ቅርጽ ተቆርጦ ዕቃው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ብርሃን አሳላፊ ልባስ ተደርቦበት እንደገና ይተኮሳል።

ፖርሴሊን የሚተኮሰው በ1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ ዕቃው አስቀድሞ በከፍተኛ ሙቀት ይተኮሳል፤ በወርቁ ላይ የሚደረበው ልባስም ወርቁ ከሚቀልጥበት ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ መሆን አለበት።

በዚህ ዘዴ የታወቁት በኮማትሱ ከተማ የኩታኒ ፖርሴሊን ሠሪ የሆኑት ዮሺታ ሚኖሪ ናቸው። ወፍራምና ስስ የወርቅ ቅጠል በማቀላቀል ለአበቦችና ለወፎች ሥዕል ጥልቀት ሰጥተዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የጃፓን መንግሥት በተለምዶ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» የሚባለውን ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።