የወንድማችን ምስጢርና የስልካችን ምርጫ



በአርባ ምንጭም ሆነ በጨንቻና በካምባ የመዘምራን ልምምድ ሰዓት፣ የለቅሶ መርዶና የጾም ጸሎት ጥሪ በቴሌግራም ግሩፕ ሲተላለፍ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ግሩፕ «እህታችን ይህ በሽታ ተገኝቶባታልና ጸልዩላት»፣ «የእገሌ ትዳር ሊፈርስ ነው» የሚሉ መልእክቶችም ይላካሉ። ለመሆኑ ይህን የሚያነብ ማን ነው?

1. መልእክቱ የሚቆለፈው የት ነው?

በዋትስአፕ (እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ) እና በሲግናል የምንልከው መልእክት ከስልካችን ተቆልፎ ይወጣል፤ የሚከፈተውም በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ነው። የአፑ ባለቤት ድርጅት እንኳ ቃሉን ማንበብ አይችልም። የቴሌግራም ተራ መልእክትና ግሩፕ ግን እንዲህ አይደለም። መልእክቱ በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ ቁልፉም በድርጅቱ እጅ ነው። ቴሌግራም «ሲክሬት ቻት» የሚባል የተቆለፈ መንገድ አለው፤ እርሱም ለሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆን ራሳችን መርጠን ካልከፈትነው አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ዋትስአፕ የአጠቃቀም ደንቡን ሊለውጥ መሆኑን ሲያስታውቅ በዓለም ዙሪያ ብዙዎች ወደ ሲግናልና ወደ ቴሌግራም ሸሹ። ወደ ቴሌግራም የሄዱት ግን ምስጢራቸውን ሊጠብቁ ሲሉ የተቆለፈውን ትተው ወዳልተቆለፈው ገቡ። ስለዚህ ስም ሰምተን ብቻ አንምረጥ።

2. ቁልፍ እያለ በሩ ሲከፈት

ጠንካራው አፕም ቢሆን አባሉ ስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ለሌላ እንዳያስተላልፍ አያግድም። በብዙ ቤት አንዱን ስልክ ባልና ሚስት፣ ልጆችም ይነካኩታል። «በስህተት ወደ ስልክህ የመጣውን ቁጥር ላክልኝ» ብሎ የመግቢያ ቁጥር የሚጠይቅም አለ። የቅርብ ወንድም ቢጠይቀን እንኳ አንስጥ፤ የእርሱም አካውንት ተወስዶ ሊሆን ይችላልና። በቴሌግራምም በዋትስአፕም ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማስገባት ስለሚቻል ዛሬውኑ እናድርገው።

አፕ ስንጭንም ከፕሌይ ስቶር ይሁን። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን የተቀየሩ የዋትስአፕና የቴሌግራም ቅጂዎች የቀየራቸው ሰው መልእክታችንን ገና ሳይቆለፍ ሊያነበው ይችላል።

3. መስመሩ ሲዘጋ

በየካቲት 2015 ዓ.ም. በሀገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወራት ያህል ቆይተዋል። ብዙ ሰው ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን ግን መንገዳችንን በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ የግቢው ባለቤት ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። እንግዲህ አጥቢያ ሁሉ የአባላቱን ስልክ ቁጥር በመዝገብ ላይ ይያዝ፤ አንድ አፕ ቢዘጋ ኅብረቱ እንዳይበተን።

4. ታዲያ ምን እናድርግ?

ሀ) ለማስታወቂያ፣ ለመዝሙርና ለትምህርት ቴሌግራም ይበቃል።

ለ) የሰው ስም ያለበት የጸሎት ርእስ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግሩፕ ውስጥ አይግባ። «ስለ አንዲት እህት ጤንነት ጸልዩ» ብንል እግዚአብሔር ስሟን ያውቃል።

ሐ) ምክክርና ኑዛዜ ፊት ለፊት ይሁን። ሰውዬው ሩቅ ከሆነ በሲግናል ወይም በዋትስአፕ እንነጋገር፤ መልእክቱም ከቀናት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ አድርገን እናስተካክለው።

ምሳሌ 11፥13 የታመነን ሰው የሚለየው በምስጢር አያያዙ ነው። በማቴዎስ 18 ደግሞ ጌታ የወንድምን ጥፋት መጀመሪያ ለብቻው ሆነን እንድንነግረው ያዝዛል። የጋሞ ሽማግሌዎችም ይህን መንገድ ያውቁታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሷቸው። ይህ በስልክ የሚላክ ነገር አልነበረም።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ያላችሁበትን የጸሎት ግሩፕ ከፍታችሁ ወደ ኋላ አንብቡ። ስሙ የተጻፈው ሰው ይህን ቢያነብ ያዝናልን? ካዘነ፣ አጥፉትና ወደ ቤቱ ሂዱ።

ጌታ ይባርካችሁ።